ጸሐፊው ነገ ምሳ ላይ ስለ ጨረቃ እንዳያወራ ለመወሰን የተደረገ የቤተሰብ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር

ቦታ፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሳሎን፤ የሰብሳቢዋ የስፌት መኪና ወደ ግድግዳ ከተገፋች በኋላ

ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ፣ ተሰብሳቢው በሙሉ እዚያው ቤት ውስጥ እያለ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተጀመረ

የተገኙ፦

1. የቤቱ እመቤት፣ ልብስ ሰፊ፦ ሰብሳቢ
2. ታላቅ ልጅ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፦ አባል
3. ታናሽ ልጅ፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት፣ የስብሰባው ምክንያት፦ አባል
4. የሰብሳቢዋ ወንድም፣ ጡረታ የወጣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ በቅጽል ስሙ «ሥነ ሥርዓት»፦ አባል
5. የሰብሳቢዋ እናት፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው፦ የክብር አባል
6. የቤቱ አባወራ፣ ጡረታ የወጣ የቃለ ጉባኤ ያዥ፦ ጸሐፊ፣ እንዲሁም ተከሳሽ

ያልተገኘች፦ የታላቅ ልጅ ባለቤት። «እኔ የራሴን የሰርግ ምሳ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል» ብላ በስልክ አስታውቃለች።

ይህ ቤተሰብ ለምን ቃለ ጉባኤ እንደሚይዝ ለማያውቅ አንባቢ፦ ጸሐፊው ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የሌሎችን ስብሰባ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሰጥቶ ሸኘው፤ አመሉን ግን መልስ አላለውም። ስለዚህ በዚህ ቤት በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ ነገር እንዳልተወሰነ ይቆጠራል፤ የመጋረጃው ቀለም እንኳ የተመረጠው በድምፅ ብልጫ ነው። ብዕር የያዘ ሰው ደግሞ ካልተጠየቀ አይናገርም፣ ድምፅም አይሰጥም። ይህን ደንብ ያወጣው ራሱ ጸሐፊው ነው። ያን ጊዜ ብልህነት መስሎት ነበር።

ስብሰባው ገና ሳይከፈት ሥነ ሥርዓት የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሳ። ተከሳሽ የራሱን ክስ ራሱ ሊጽፍ አይገባም ሲል አሳሰበ። ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ቢገኝም የሚተካ ሰው ጠፋ። የታላቅ ልጅ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ሥነ ሥርዓት መነጽሩን ረስቶ መጥቷል፤ ታናሽ ልጅ «እኔ ዛሬ ብዕር አልይዝም» አለች። በመሆኑም ጸሐፊው ስለ ራሱ በሦስተኛ ሰው እንዲጽፍ፣ አስተያየት መጨመር ካማረውም በቅንፍ ውስጥ አሳጥሮ እንዲጨምር ተፈቀደለት።

ቀጥሎ የምልዓተ ጉባኤ ጥያቄ ተነሳ። እማማ ሶፋው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር እንደተገኙ ይቆጠሩ ወይስ እንደቀሩ የሚለው አከራከረ። ሰብሳቢዋ እናታቸው ዓይናቸውን ጨፍነውም ሁሉን እንደሚሰሙ ገለጹ። ጸሐፊው፣ ሳይጠየቅ፣ አንድ ሰው ሄዶ እስኪያያቸው ድረስ እማማ ተኝተዋልም ነቅተዋልም ማለት እንደሚቻል፣ ይህንንም አንድ ሊቅ ሳጥን ውስጥ በታሸገች ድመት ምሳሌ እንዳስረዳ ለመግለጽ ብድግ አለ። ሰብሳቢዋ «አጀንዳው እንኳ ሳይነበብ ጀመርከው?» በማለት አስቀመጡት። በዚህ ጊዜ እማማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ድመቷን ማን ነው ያሸጋት?» ብለው ስለጠየቁ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ተረጋገጠ።

ተራ ቁጥር 1፦ የጸሐፊውን ያለፈ ጠባይ መገምገም

ሰብሳቢዋ ጉዳዩን እንደሚከተለው አስረዱ። ነገ እሑድ በምሳ ሰዓት፣ ታናሽ ልጃችን ልታገባው ያሰበችው ሰው ወላጆች ወደዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ይመጣሉ። አባትየው ቁጥብ ሰው ናቸው። እናትየው የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሲሆኑ፣ መምህራኑ ሳይቀሩ ኮሪደር ላይ ሲያዩዋቸው እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ ይባላል። እኚህ ሴት ስለ ጋብቻው ሲጠየቁ «ቤተሰቡን በዓይኔ ሳላይ አንድ ቃል አይወጣኝም» ብለዋል።

ልጅቱ በበኩሏ ሰውየውን ከልቧ እንደምትወደው፣ ነገር ግን እናቱን ተጋፍቶ የሚያገባ ዓይነት እንዳልሆነ፣ ይህንኑ ጠባዩንም ጭምር እንደምትወድለት ገልጻ ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። መሐረቡ ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንዳይገባ ጠይቃ ነበር። ገብቷል።

ከዚህ በኋላ ክሶቹ ተሰሙ።

ሀ) የመዶሻው ጉዳይ። ጸሐፊው ከባድና ቀላል ነገር እኩል እንደሚወድቅ ለማሳየት ከበረንዳ ላይ የብረት መዶሻና የእንጨት ማንኪያ አንድ ላይ መልቀቁ ተገለጸ። ታች የጎረቤታችን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበር። ጸሐፊው ሁለቱ እኩል ደርሰዋል ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል። ይሁንና በቅርብ ሆና ያየችው ሳፋዋ ብቻ ናት፤ እሷም ለምስክርነት አልተረፈችም። ጎረቤታችን ከዚያ ወዲህ በበረንዳችን ሥር የሚያልፉት በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተው ነው።

(የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ጋሊሊዮም ከዘመመው ግንብ ላይ ሁለት ኳስ ለቀቀ ሲባል ይኖራል። የታሪክ ሰዎች ግን እውነት መልቀቁን ይጠራጠራሉ። ጸሐፊው ይህን ያነበበው ማንኪያው ከወረደ በኋላ ነው።)

ለ) የሰርጉ ጉዳይ። በታላቅ ልጅ ሰርግ ላይ ጸሐፊው ከሙሽሪት ዘመዶች ጋር እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። እዚያም ቲኮ ብራሄ ስለተባለ የጥንት የከዋክብት ተመራማሪ አወራ፤ ሰውየው አፍንጫው በጠብ ተቆርጦ የብረት አፍንጫ ያደርግ እንደነበር፣ አንድ ቀንም ታላቅ ግብዣ ላይ ሽንቱ ወጥሮት ሳለ ከማዕድ መነሳት ነውር ነው ብሎ ሲታገስ ታሞ እንደሞተ የሚነገረውን ተረከ። ታሪኩ ሲያልቅ በጠረጴዛው ዙሪያ የነበረ ሰው በሙሉ ተነስቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ተሰለፈ። ሙሽሮቹ ፎቶ ለመነሳት ሲመጡ በዚያ ሁሉ ወንበር መካከል ያገኙት ጸሐፊውን ብቻ ነው። ፎቶው አልበም ውስጥ አለ፤ ጸሐፊው ፈገግ ብሏል።

ሐ) የለቅሶው ጉዳይ። ባሏ የሞተባትን የሰፈራችንን ሴት ሊያጽናና የሄደው ጸሐፊ «አይዞሽ፣ ጉልበት መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም» ማለቱ ተገለጸ። እስከዚህ ድረስ ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰምቶት ነበር። ሴትየዋ እንባዋን ጠርጋ «ታዲያ የእሱ ጉልበት አሁን የት ሄደ?» ብላ ስትጠይቀው ግን ጸሐፊው ጥቂት አሰበና «ወደ ሙቀት» አለ።

ሰብሳቢዋ ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲመዘገብ አልፈለጉም።

ጸሐፊው እንዲከላከል ሲፈቀድለት የሚከተለውን አስረዳ። ጡረታ በወጣ ሰሞን ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ አንድ ሽፋኑ የወለቀ የፊዚክስ መጽሐፍ ገዛ። መጽሐፉ መጨረሻውም ተገንጥሏል፤ የሚያበቃው «ብርሃን ማዕበል ነው ወይስ ቅንጣት? መልሱ እነሆ» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው እስከዚያ ገጽ ድረስ ያለውን ዓለም ደህና አድርጎ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደምንም ይሞላዋል።

ታላቅ ልጅ ችግሩ ይኸው መሆኑን ጠቁሞ፣ እንደ ሹፌር ሲናገር አባቱ መንገዱ ሲያልቅበት ፍሬን የመያዝ ልማድ የለውም አለ። እማማ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ብለው፣ እንደተናገሩት ቃል በቃል እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። ተጽፏል። (የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ደግሞም እውነት ነው።)

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ጸሐፊው በሦስቱም ክሶች ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ውሳኔውን ራሱ አሳምሮ ጽፎታል።

ተራ ቁጥር 2፦ ነገ ምሳ ላይ የሚከለከሉ ቃላት

ታላቅ ልጅ የሚከለከሉ ቃላትን አዘጋጅቶ መምጣቱን ገልጾ አነበበ፦ ስበት፣ ጨረቃ፣ አቶም፣ ብርሃን፣ ፍጥነት፣ ሙቀት። በየቃሉ ላይ ክርክር ተደረገ።

ሰብሳቢዋ ሙቀት ከተከለከለ ምግቡ ቢቀዘቅዝ እንዴት ሊነገር ነው ሲሉ ጠየቁ። ሥነ ሥርዓት «ቀዝቅዟል» ማለት እንዲፈቀድ፣ ለምን እንደቀዘቀዘ ማስረዳት ግን እንዲከለከል ሐሳብ አቀረበ። ታላቅ ልጅ ፍጥነት የሥራው ቃል ስለሆነ ለእሱ ብቻ በልዩ ሁኔታ እንዲፈቀድለት አመለከተ፤ ተፈቀደለት። ጸሐፊው በበኩሉ ጨረቃ አንዳንድ ጊዜ በቀን እንደምትወጣ፣ ምሳ ላይ እያሉ በመስኮት ብትታይ ምን ማድረግ እንዳለበት መመሪያ ጠየቀ። እንዳላየ ይለፋት ተባለ።

በዚህ ጊዜ ሰብሳቢዋ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አንዱን ብትከለክሉ ይበቃ ነበር፣ የመከራችን ሁሉ መነሻ ይህ ሰው ጣቱን ወደ ጣሪያ አንስቶ «ለመሆኑ ታውቃላችሁ?» ማለቱ ነው አሉ። በጋብቻ ዘመናቸው ይህን ጥያቄ ከቁጥር በላይ መስማታቸውን፣ አንድም ጊዜ «አዎ፣ እናውቃለን» ተብሎ ሲያቆም አለማየታቸውን ገለጹ። ጥያቄውም ጣቱም በአንድነት ተከለከሉ።

ሥነ ሥርዓት አንድ ስጋት አነሳ። ሰው ጨርሶ ዝም ካለ ታሟል ይባላል፣ አለዚያም ጋብቻውን አልወደደውም ይባላል፤ ስለዚህ ለጸሐፊው የሚፈቀድ አንድ ነገር ሊኖር ይገባል አለ። ልጅቱ ምናልባት በወረቀት ቢጽፍ ስትል ሐሳብ አቀረበች። ጸሐፊው ደስ ብሎት ምድርን የመዘነው ካቨንዲሽም ሰው ከማፈሩ የተነሳ ለሠራተኞቹ የእራት ትዕዛዙን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ እንደነበር ገለጸ። ሰብሳቢዋ ወዲያው ሐሳቡን ጣሉት። ምክንያታቸውን ሲያስረዱም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የእኔው ደግሞ ሁለቱንም ነው» አሉ።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊው ጥቂት ተናግረው የተከበሩ ሊቃውንት ካሉ እንዲጠቅስ ተጠየቀ። ኒውተን የምክር ቤት አባል በነበረበት ዘመን በስብሰባ ላይ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ንፋስ ስለገባበት መስኮት ዝጉልኝ ለማለት ነው እንደሚባል፣ እውነት ለመሆኑ ግን ዋስ እንደማይሆን ተናገረ። ሥነ ሥርዓት ይህ በቂ ነው አለ። ለኒውተን የበቃ ለጸሐፊው አያንስም ተባለ።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ጸሐፊው ነገ በምሳው ላይ «መስኮቱን ዝጉልኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲናገር በሙሉ ድምፅ ተፈቅዷል።

ተራ ቁጥር 3፦ የጸሐፊው መቀመጫ

ሥነ ሥርዓት ጸሐፊው ምሳው እስኪያልቅ ኩሽና እንዲቆይ ሐሳብ አቀረበ። ልጅቱ «አባቴን እንደ ባዶ ጠርሙስ ኩሽና አልደብቅም» ብላ በቁጣ ተቃወመች፤ ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። አባወራ ነውና በጠረጴዛው ራስ ይቀመጥ የሚል ሌላ ሐሳብ ቀረበ። ታላቅ ልጅ ከዚያ ወንበር ሁሉም ሰው ይሰማዋል ሲል ተቃወመ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ማስረዳት ከመውደዱ የተነሳ ደንቡን ዘንግቶ፣ ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ እንደሚወርድ ገለጸ። ሰብሳቢዋ አመስግነው የስፌት ሜትራቸውን አወጡ። ርዕሰ መምህርቷ ከሚቀመጡበት ወንበር እስከ ጠረጴዛው ራስ ተለክቶ የጸሐፊው ወንበር እጥፉ ላይ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተደረገ።

ቀጥሎ ጸሐፊው ቢያመልጠው እንዴት እንደሚቆም ተነጋገሩ። ሰብሳቢዋ አጠገቡ ተቀምጠው እግሩን እንደሚረግጡ አሳወቁ። ጸሐፊው ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል መሆኑን፣ ስለዚህ ጠፍጣፋ ጫማ ቢረግጡት እምብዛም እንደማይሰማው አስረዳ። ሰብሳቢዋ በድጋሚ አመሰገኑ።

ውሳኔ፦ ሰብሳቢዋ ነገ ባለ ተረከዝ ጫማ እንዲያደርጉ፣ ያውም ቀጭኑን፣ ተወስኗል።

(የጸሐፊው ማስታወሻ፦ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ በእውቀታቸው ምክንያት የተቀጡ ብዙ ናቸው። ለቀጪው ጫማ የመረጠ ግን ጸሐፊው ሌላ አላነበበም።)

ተራ ቁጥር 4፦ የምሳ ልምምድ

ውሳኔዎቹ በተግባር እንዲፈተሹ ጠረጴዛው በባዶ ሳህን ተዘረጋ። ታላቅ ልጅ የእናቱን የእጅ ቦርሳ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ርዕሰ መምህርቷን፣ ሥነ ሥርዓት ደግሞ ቁጥቡን አባት ሆነው በር አንኳኩተው ገቡ። እማማ ሶፋቸው ላይ እንደነበሩ ቆዩ።

ሰብሳቢዋ መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቁ። ርዕሰ መምህርቷ ደህና እንደነበር መለሱ። ሰብሳቢዋ ቤቱን ለማግኘት ተቸግረው እንደሆነ ጠየቁ። አልተቸገሩም። ቁጥቡ አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ማንም የሚናገረው ነገር አላገኘም። የማቀዝቀዣው ሞተር ተሰማ። ላይኛው ፎቅ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

ርዕሰ መምህርቷ ወደ ጸሐፊው ዞረው ጡረታ እንዴት እንደያዘው ጠየቁት። ጸሐፊው ሰብሳቢዋን አየ። ከዚያም «መስኮቱን ዝጉልኝ» አለ። መስኮቱ ዝግ እንደሆነ ተነገረው። ርዕሰ መምህርቷ ይህችን የመሰለች ልጅ እንዴት አድርጎ እንዳሳደጋት ጠየቁት። ጸሐፊው መስኮቱን እንዲዘጉለት ጠየቀ። ሥነ ሥርዓት ውሳኔው ትርጉም እንዲኖረው ሲል ከቁጥብነቱ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ፤ ጸሐፊው ዝጉልኝ አለ፤ ሥነ ሥርዓት ዘጋ። በዚህ አሠራር ሁሉም ለጊዜው ረካ።

ታላቅ ልጅ የቦርሳውን ዚፕ ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። ልጅቱ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። በዚህ ሁኔታ ምን ያህል እንደተቆየ ጸሐፊው አልመዘገበም፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን የግድግዳ ሰዓት ቀና ብሎ ማየት ጣት እንደማንሳት እንዳይቆጠርበት ፈርቷል።

በመጨረሻም እማማ ዓይናቸውን ገልጠው ዙሪያውን ቃኙና «ማን ሞተ?» ሲሉ ጠየቁ።

ሰብሳቢዋ ማንም እንዳልሞተ፣ የነገው ምሳ ልምምድ እየተደረገ እንደሆነ አስረዷቸው። እማማ ታዲያ ቤቱ ስለምን ለቅሶ ቤት እንደሆነ ጠየቁ። ቀጥለውም «ይሄ ሰውዬስ የታለ?» አሉ። እዚህ እንዳለ ተነገራቸው። «እዚህ ሆኖ ነው ዝም ያለው?» አሉ። አዎ ተባሉ። እማማ «ታዲያ ምን ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ፣ ሐኪም ጥሩ እንጂ!» አሉ።

ታላቅ ልጅ ሳቀ፤ ብቻውን መሳቁን ሲያይ አቆመ። ሥነ ሥርዓት ከቁጥቡ አባትነት በፈቃዱ መልቀቁን አስታውቆ፣ በየቅዳሜው ወደዚህ ቤት የሚመጣው ከጸሐፊው ጋር ለመከራከር እንጂ ለምግቡ ብሎ እንዳልሆነ ተናገረ። ሰብሳቢዋ ምግቡ ምን እንደሆነ እንዲያብራራ ጠየቁት። ጉባኤው በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ጊዜ አባከነ።

ጸሐፊው እጁን አውጥቶ የመናገር ዕድል ጠየቀ። ሥነ ሥርዓት እያዘነ ደንቡን አስታወሰ፦ ብዕር የያዘ ሰው በራሱ ፈቃድ አይናገርም። ጸሐፊው ደንቡን እንደሚያውቀው ገለጸ። ልጅቱ ከጠረጴዛው ማዶ እጇን ዘረጋች። ጸሐፊው ብዕሩን አስረከበ።

(ከዚህ በታች ያለው በእኔ በታናሽ ልጅ የተጻፈ ነው። የቃለ ጉባኤ አጻጻፍ አላውቅም። የሰማሁትን እጽፋለሁ።)

አባዬ መጀመሪያ ብድግ አለ፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ጣቱን ሊያነሳ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። እንዲህ አለ፦

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያለውን ስጽፍ ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ‹አንተስ ምን ትላለህ?› ያለኝ የለም። ይሄን ለማማረር አይደለም የምናገረው፤ ሥራው ነው። ቤት ስገባ ግን አንቺ ነበርሽ። ጫማዬን ሳላወልቅ ትጀምሪኛለሽ። አባዬ፣ ሰማዩ ለምን ሰማያዊ ሆነ? አባዬ፣ በረዶ ውሃ ላይ ለምን ይንሳፈፋል? እኔ ምኑን አውቄው! ‹ቆይ ጠይቄ እነግርሻለሁ› እልሽ ነበር። ማንን እጠይቃለሁ? ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሥራ አስኪያጁን በረዶ ለምን ይንሳፈፋል ልበለው?»

እዚህ ላይ አጎቴ ሥነ ሥርዓት ሳቀ። አባዬም ትንሽ ሳቀ።

«መጽሐፉን አግኝቼ መልሱን ሳውቅ አንቺ አድገሻል። መጠየቅ ትተሻል። እኔ መልሱን ተሸክሜ ቀረሁ። አስቀምጡኝ አይል፣ አይሸጥ አይለወጥ። ያገኘሁት ሰው ላይ ሁሉ አራግፈዋለሁ፤ ሙሽራ አልል፣ ለቀስተኛ አልል። ሰው ሲሸሸኝ አያለሁ እኮ፤ አላይም ይመስላችኋል? ነገ ሰዎቹ ይመጣሉ። ደግ ሰዎች ከሆኑ ይዘዋት ይሄዳሉ። ዝም በል ካላችሁኝ ዝም እላለሁ፤ ለእሷ ስል አንድ ምሳ አይደለም ዓመትም ዝም እላለሁ። ብቻ ዝም ስል የማስበው ያንኑ ነው። ይሄው ነው።»

እማዬ የስፌት ሜትሩን እጇ ላይ እየጠቀለለች ነበር፤ ጠቅልላ ስትጨርስ ፈታችና እንደገና ትጠቀልል ጀመር። ወንድሜ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። አጎቴ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አላነሳም።

እኔ ስናደድበት የኖርኩት ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው እየመሰለኝ ነው። መልስ ይዞ ደጃፌ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀኝ አላወቅኩም። ይህ በቃለ ጉባኤ ይግባ አይግባ አላውቅም፤ እኔ ግን ጽፌዋለሁ።

ከዚያ ጠየቅኩት። «እሺ አባዬ፣ በረዶ ለምንድን ነው የሚንሳፈፈው?» አልኩት።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። እኛ ሁላችን ወንበራችንን አመቻችተን ለረጅም ጊዜ ተዘጋጀን። «ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል» አለ። «ክብደቱ ያው ሆኖ ቦታው ይበልጣል። ስለዚህ ፈሳሹ ውሃ ይሸከመዋል።»

ጠበቅን። ሌላ ነገር አልተናገረም።

እማማ «ማሳጠር ይችል ኖሯል እንዴ!» አሉ። እማዬ «ጨረስክ?» አለችው። «ጨረስኩ» አለ። እማዬ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዞረችና የሌለ ክር ትለቅም ጀመር። ስታለቅስ እንዲህ ነው የምታደርገው።

ሰዓቱ አሥራ አንድ ሆኖ ነበር። እማዬ አፍንጫዋን ጠርጋ ሰብሳቢነቷን አስታወሰችና ስብሰባው ሊዘጋ መሆኑን ተናገረች። ከመዘጋቱ በፊት ግን አንድ የመጨረሻ የውሳኔ ሐሳብ አቅርባ ድምፅ እንድንሰጥበት አዘዘች።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከተራ ቁጥር አንድ እስከ አራት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ቃላቱ ተፈቅደዋል። እማዬ የምትመቻትን ጫማ ታደርጋለች። አባዬ ነገ በጠረጴዛው ራስ ይቀመጣል፣ ያሰኘውንም ያወራል፤ ርዕሰ መምህርቷ ካልወደዱት ያልወደዱት የእኔን ቤተሰብ ነው፣ ለእሳቸውም ለልጃቸውም መልሱን እኔ እሰጣለሁ።

ድጋፍ፦ አምስት፣ ከእኔና ከእማማ ጋር። ብዕር ስለያዝኩ ድምፅ እንደሌለኝ አጎቴ ሊያሳስብ ከጀመረ በኋላ ራሱ ተወው።

ተቃውሞ፦ አንድ። አባዬ። ምክንያቱን እንዲያስረዳ ሲጠየቅ «እኔ ይሄን ሰውዬ ከሁላችሁም የበለጠ አውቀዋለሁ፤ ነገ ያዋርዳችኋል» ብሏል። ተቃውሞው ተመዝግቦ ውድቅ ተደርጓል።